ከቀዩ መስመር በላይ

መብራት ቢጠፋ ያ ሁሉ ውኃ ወዴት ይሄዳል? ሆሴዕ ሳሎኔ ውስጥ መስታወት በመስታወት ላይ ማቆም ከጀመረ ወዲህ ይህን ጥያቄ ይዤ እተኛለሁ፣ ይዤው እነሳለሁ። መልሱን አላውቅም። ሆሳዕና ውስጥ መብራት እንደ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ትንሽ ይቀመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው ደግሞ መብራት ነው። ታዲያ የሚገፋው ሲጠፋ የተገፋው የት ይገባል?

«ቆይ አሳይሻለሁ፣ እማ» ይለኛል።

የልጅ ልጄ ነው። እናቱ ገና በልጅነቱ ስለሞተች እማ የሚለው እኔን ነው። ሁለት ነበሩ፤ ታላቁ ሆሴዕ፣ ታናሹ ታዴዎስ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያልተማርኩ ሴት እነሱን አስተምሬ ለወግ ለማዕረግ አበቃለሁ ብዬ ነበር። የዚህ አገር ልጅ ግን ጢሙ ሲበቅል ዓይኑ ደቡብ አፍሪካን ነው የሚያየው። መጀመሪያ ሆሴዕ ሄደ። ታናሹ ተከተለው።

የታዴዎስ አካሄድ ዛሬም ደረቴ ላይ አለ። ያን ቀን ቧንቧ የመጣበት ቀን ነበር። ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ ጀሪካኑን ሞላ፣ በርሜሉን ሞላ፣ ባልዲውን ሞላ፣ የእጅ መታጠቢያውን ጣሳ ሳይቀር ሞላ። «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» አልኩት፤ ውኃ ቅዳ ሲባል የሚያጉረመርም ልጅ ነበር። ሳቀና ወጣ። ራት አቀረብኩለት፤ አልመጣም። ከሞያሌ ነው የደወለልኝ።

ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ይሠራበት በነበረው ሱቅ ውስጥ እንዳለ በእሳት ሞተ። ሱቁን ማን እንዳቃጠለው፣ በሩን ከውጭ ማን እንደቆለፈው ከሰው ሰማሁ እንጂ ሆሴዕ አልነገረኝም። የተረፈውን እዚያው ቀብሮ ብቻውን መጣ።

ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ግቢዬ ገባ። ግማሹ ሊያለቅስ፣ ግማሹ ሻንጣ ሲፈታ ሊያይ። አልፈርድባቸውም፤ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ሰው ሻንጣ ሲከፈት ማየት እዚህ ከተማ የተለመደ ነው። ተከፈተ። በሹራብ የተጠቀለለች ጥቁር ፓምፕ፣ ጥቂት ቱቦ፣ የጨው ልክ የሚታይበት ብርጭቆ የመሰለ መለኪያ፣ ከዚያ ጨው። በላስቲክ የታሸገ ጨው፣ ሻንጣ ሙሉ።

«ሰው ከደቡብ አፍሪካ የመኪና ቁልፍ ይዞ ይመጣል» አለችኝ ትርሲት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። «ያንቺው ጨው ተሸክሞ መጣ። ሆሳዕና ጨው ጠፋ ብሎ ማን ነገረው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልቅሶ ላይ ነን።»

«ልቅሶ ላይ ስለሆንን አይደል ቀስ ብዬ የማወራው።»

ትርሲት የአጥር ጎረቤቴ ናት፤ ከወጣትነታችን ጀምሮ አንድ መዘምራን ውስጥ ነበርን። አፏ ይዋጋል፣ እጇ ግን ለሰው ነው። የታዴዎስ መርዶ የመጣ ጊዜ ልብሴን ያጠበችው፣ ያጎረሰችኝ፣ ቤቴን የጠበቀችው እሷ ናት። ይህን የምናገረው በኋላ ለሆነው ነገር ሰው እንዳይፈርድባት ነው።

ሆሴዕ ከመጣ በኋላ ብዙ ጊዜ ተኝቶ ዋለ። የእኛን የቡላ ምግብ አተካና ሠርቼ በቅቤ አርሼ አቀርብለታለሁ፤ ዳር ዳሩን ነክቶ ይተወዋል። ቤተ ክርስቲያን አይሄድም፣ ልቅሶ አይደርስም። ሲያልፍ ሲያገድም ስልክ ይደወልለታል፤ ግቢ ወጥቶ በማላውቀው ቋንቋ ያወራና ሲመለስ ዓይኑን ይሰብርብኛል። አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«ደርባን ያለ ጓደኛዬ ነው» አለ። «ሱቅ ከፍቷል። ና ይለኛል።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ትንሽ ጠብቀኝ አልኩት።» ስልኩን ኪሱ ከተተ። «አቶ ፈትሁዲን ለአዲሱ ሆቴላቸው የባሕር ዓሣ ገንዳ ይፈልጋሉ። እዚያ ምን እሠራ እንደነበር ሰምተዋል። ትንሹን ቤትህ ሠርተህ አሳየኝ፤ ዓሦቹ ከከረሙ የሆቴሉን ትሠራለህ፣ የምትይዘውም አንተው ትሆናለህ ብለውኛል። ይሄ ከሆነልኝ እቀራለሁ፣ እማ። ካልሆነ ግን እዚህ ቁጭ ብዬ ምን እሆናለሁ?»

ደርባን የባሕር ከተማ ናት አሉ። ሆሴዕ እዚያ የጌጥ ዓሣ ከሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ተቀጥሮ ነበር። ሱቁ በተቃጠለበት ሰዓት እሱ ዓሣ ሲመግብ ነበር። ይህንንም ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት።

ሳሎኔን ለቀቅሁለት። ብፌዬን ወደ ጓዳ አስገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ገንዳ ለእኔ የዓሣ ቤት አልነበረም፤ ልጄን እቤት የሚያስርልኝ ገመድ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዷን ነገር እየተከተልኩ ጠየቅሁ፤ አሰለቸሁትም መሰለኝ።

መስታወቱን መስታወት ቤት አስቆርጦ በሲሊኮን ራሱ አጣበቀው። ትልቁን ገንዳ ከብረት በተበየደ ጠረጴዛ ላይ አቆመው። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ትንሽ ገንዳ አስገባ፤ ይችኛዋን በመስታወት ከፋፍሎ ሦስት ክፍል አወጣላት።

«ታች ያለው ለምንድን ነው? ዓሣው ላይ አይደለም እንዴ የሚኖረው?»

«ታች ያለው ኩላሊቱ ነው፣ እማ። ከላይ በጀርባው በኩል ቀዳዳ አለ፤ ውኃው እዚያ ሲደርስ ይፈስሳል፣ በቱቦ ይወርዳል። መጀመሪያው ክፍል ላይ ጉድፉ በጨርቅ ይቀራል። ሁለተኛው ላይ በስፖንጅና በድንጋይ መሐል ያልፋል፤ ድንጋዩ ላይ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ይራባሉ፣ የዓሣውን ቆሻሻ እነሱ ይበሉታል። ሦስተኛው ላይ ፓምፗ አለች፤ የጠራውን ወደ ላይ ትመልሰዋለች። እንዲህ እየዞረ ይኖራል።»

«ነፍሳቱ ከየት ይመጣሉ?»

«ከድንጋዩ ጋር። ጊዜ ይፈልጋሉ። እስኪበዙ ዓሣ አይገባም።»

ጨርቁን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ካልሲ ይሉታል አለኝ፤ የእግር ሳይሆን የውኃ ካልሲ። ከጎኑ ቁጭ ብዬ ከአቡጄዲ በድርብ ሰፋሁለት፤ አፉን በላስቲክ ቀለበት ወጠረው። ላጥበው ብዬ ሳሙና ሳነሳ እጄን ያዘኝ። «ሳሙና እንዳይነካው፤ ዓሣ ይገድላል። በሙቅ ውኃ ብቻ።» ከዚያ ወዲያ ያንን ጨርቅ ለብቻው ቀቅዬ፣ ለብቻው አሰጣሁ። የቧንቧውን ውኃ እንኳ እንዲሁ አይጨምርም፤ ክሎሪኑ እስኪወጣለት በበርሜል ያሳድረዋል፣ ከዚያ ጨዉን ይበጠብጥበታል፣ ይለካል፣ እንደገና ይለካል።

ሁሉ ሲያልቅ ፓምፗን ሰካ። ውኃው ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ። ድምፁ እንደ ትንሽ ወንዝ ነው። እኔ ግን ጥያቄዬን አልረሳሁም።

«መብራት ቢጠፋስ?»

«ነይ ቅረቢ» አለና ሶኬቱን ነቀለው።

ከላይ ያለው ውኃ በቀዳዳውም በቱቦውም ወደ ታች ይወርድ ጀመር። የታችኛው ገንዳ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ። ሊያጥለቀልቀኝ ነው ብዬ ቀሚሴን ሰበሰብኩ። ያን ጊዜ ቱቦው አንድ ጊዜ አንኮራፍቶ ዝም አለ። ውኃው ከገንዳው አፍ ሥር ቆመ።

«ወደ ላይ የሚመልሰው ቱቦ ላይ፣ ከውኃው ፊት ዝቅ ብላ ትንሽ ቀዳዳ በስቻለሁ» አለኝ። «ውኃው እስከዚያ ሲጎድል አየር ትስባለች፤ መውረዱ ይቆማል። እስከዚያ የሚወርደውን ታች ያለው ባዶ ቦታ ይይዘዋል።» መልሶ ሰካው። ውኃው ወደ ላይ ሲመለስ የታችኛው ጎደለ። ከጎረቤት ልጅ በተዋሰው የጥፍር ቀለም ውኃው ጎድሎ የቆመበትን ጠርዝ በቀይ አሰመረው፤ ከመስታወቱ ቁመት እኩሌታ እምብዛም አይበልጥም። «ከዚህ መስመር በላይ ውኃ አይገባም። ሰው ሲያየው ባዶ ይመስለዋል፤ ግን ባዶ አይደለም። የላይኛው ውኃ መኝታ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚተኛበት።»

ያን ቀን ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ አድርጎ በላ።

ዓሣ የሌለበትን ውኃ ብዙ ሳምንት አየነው። ሰው ይስቃል። ትርሲት በመጣች ቁጥር ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ትቀመጥና «ዛሬስ ምን አላችሁ? ያው ውኃ ነው?» ትለዋለች። እሱም «ያው ውኃ ነው፣ እትዬ» ይላታል፤ ፈገግ ይላል። ስድቧንም ወደድኩላት። እኔ ደግሞ ሲወጣ ጠብቄ እጄን ፓምፗ ያለችበት መስታወት ላይ አድርጌ እጸልያለሁ። ለሞተር መጸለይ ነውር ይሁን አይሁን መጋቢያችንን አልጠየቅሁም።

በመጨረሻ የአቶ ፈትሁዲን የጭነት መኪና ከጅቡቲ ሲመለስ ዓሦቹን አመጣ። ሁለት ናቸው፤ በአየር በተነፋ ላስቲክ ውስጥ። ብርቱካን መልክ አላቸው፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ ይመስላሉ፣ ከጣቴ አይረዝሙም። ሆሴዕ ላስቲኩን ውኃው ላይ አንሳፍፎ፣ ከገንዳው በሲኒ እየቀዳ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ አለማመዳቸው። ከዚያ ለቀቃቸው። አንደኛው ወደ ድንጋዩ ሄደ፤ ሌላው ተከተለው። የትም ቢሄድ ይከተለዋል።

«ታላቅና ታናሽ ይመስላሉ» አልኩ። ሳላስበው ነው። ሆሴዕ ጨርቁን ሊቀይር ጎንበስ አለ፤ እዚያው ብዙ ቆየ።

ዓሦቹ ከረሙ። በሉ። ቀለማቸው ደመቀ። አቶ ፈትሁዲን መጡና ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ አያውልቁ ብልም እምቢ አሉ። ሻይ ቀርቦላቸው እስኪበርድ ድረስ ዓሦቹን ብቻ አዩ።

«እማማ፣ ይሄ ልጅ ቀይ ባሕርን ሳሎንዎ ውስጥ አስገባልዎት።»

«እኔስ የምፈራው ሳሎኔ ቀይ ባሕር ውስጥ እንዳይገባ ነው።»

ሳቁ። ሰውየው ደግ ናቸው፤ አባታቸውም እዚህ ከተማ በጨርቅ ንግድ ሲኖሩ ሰው አስቀይመው አያውቁም ነበር። ሲወጡ ሆሴዕን ትከሻውን ይዘው «ቅዳሜ እመጣለሁ። እንደዚሁ ካገኘኋቸው ሰኞ ሆቴሉ ጋ እንገናኝ፤ ቦታውን እንለካለን» አሉት። ያን ማታ ሆሴዕ ስልኩ ሲጠራ አላነሳውም። እያየሁት ነበር። አላነሳውም።

ዓርብ ጠዋት ከሞርሲቶ መርዶ መጣ። የአጎቴ ልጅ አርፋለች፤ ቀብሩ ያኑ ዕለት ነው። ሆሴዕ አልሄድም አለ።

«እነሱ ለታዴዎስ መጥተው ሰንብተዋል» አልኩት። «በጭቃ ነው የመጡት። እኔ ብቻዬን ብሄድ ሆሴዕ የት ነው ሲሉኝ ምን እላለሁ?»

«እማ፣ ልቅሶ አልችልም።»

«የሚችል የለም። ሰው ሆነን ነው የምንሄደው።»

ገንዳውን አየ፣ ጨርቁን ቀየረ፣ ሙቀቱን አየ፣ መስመሩን አየ። ከዚያ ጃኬቱን አንስቶ መኪና ሊያቆምልኝ ወደ አስፋልቱ ቀደመኝ። እኔ ቁልፉን ለትርሲት ሰጠሁ።

«ዛሬ የሰፈራችን ፈረቃ ነው» አልኳት። «ውኃ ከመጣች ቅጂልኝ።»

«ባዶ ዕቃ አልተውልሽም፤ ሂጂ» አለችኝ።

ሌላ ቦታ ላለ ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል። እኛ ጋ ቧንቧ ስትመጣ የሚሆነውን ያየ ግን ያውቃል። ጎማ ከግቢ ግቢ ይጎተታል፣ ድስት ሳይቀር ይደረደራል። በውኃ ቀን ባዶ ዕቃ ማሳደር ነውር ነው፤ የጎረቤትን ዕቃ ባዶ ማሳደር ደግሞ ጥላቻ ነው። እኔም የለመደ አፌ ቅጂልኝ አለ። ስለ ቀዩ መስመር መናገር ያለበት ሰው መንገድ ላይ ቆሞ መኪና እየጠበቀ ነበር።

ሞርሲቶ ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ከቀብር መልስ ወንዶቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ሆሴዕን መሐል አስገቡት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ ከሩቅ እጠብቀዋለሁ። ጋሽ ዋለ፣ የሟቿ ባል ወንድም፣ ጮክ ብሎ የማውራት ልማድ አለው፤ ጆሮው ትንሽ ከድቶታል።

«ወንድምህን ግን ለምን ሳታመጣው ቀረህ?» አለው። «የሌላው ሰው አስከሬን በአውሮፕላን ይመጣል አይደል? እናትህ ጎን መቀበር ነበረበት።»

ሆሴዕ አንገቱን እንደደፋ «የሚመጣ ነገር አልነበረም፣ ጋሼ» አለ።

ጋሽ ዋለ አልሰማውም። «ምን አለ?» ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ። ጎረቤቱ ሲኒውን ተቀብሎ ቡና አስቀዳለት።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ እጁን ያዝኩት፤ ትንሽ ልጅ ሳለ እንደማደርገው። ቀዝቃዛ ነበር። ከተማው ሲቀርብ ዳመናውን አይቼ «መብራት ጠፍቶ ይሆን?» አልኩ፤ ከዝምታው ላወጣው።

«ቢጠፋም ችግር የለውም» አለ። «ቦታ አለው።»

ገና ከአጥሩ በር ውኃውን አየሁት። ከሳሎን ደፍ ሥር ወጥቶ በረንዳውን አልፎ ወደ አፈሩ ይወርድ ነበር። ትርሲት ባዶ እግሯን፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸክፋ፣ ተንበርክካ በጨርቅ ትመጠምጣለች። ቤቱ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል።

«እንኳን መጣችሁ» አለች። «ይሄ ነገር ተሰነጠቀ መሰለኝ። እኔ እጄንም አላሳረፍኩበት። መብራት ሄደ፤ ወዲያው ውኃው ከታች ገንፍሎ ወጣ። መብራቱ ሲመለስ ያ የሶኬት ማከፋፈያው ጧ አለና ጨሰ። ቆጣሪው ጋ ሮጬ አጠፋሁት። ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። ባልዲውን፣ በርሜሉን፣ ድስቱን ሳይቀር ሞልቼልሻለሁ።»

ሆሴዕ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አየ። የታችኛው ገንዳ እስከ አፉ ሞልቷል። ቀዩ መስመር ከውኃው ሥር፣ ሩቅ ሆኖ ይታያል።

«ይህችንስ?» አለ በቀስታ። «ይህችንም ሞሏት፣ እትዬ?»

«ጎድላ ነበር እኮ። ከግማሽ በታች ነበረች። ፓምፕህ ደርቃ እንዳትቃጠል ብዬ...» ፊቱን አየችና ቆመች። «ንጹሕ ውኃ ነው። ከቧንቧው በጎማ ነው የሞላሁት። ምን አጠፋሁ? እልፍነሽ፣ ምን አጠፋሁ?»

ዓይኗን ወደ እኔ አዙራ ነው የጠየቀችው። ጥያቄዬ መልስ ያገኘው ያኔ ነበር። ያ ሁሉ ውኃ የሚሄድበት ቦታ ተወስዶበታል። ከላይ ወረደ፣ መኝታው ላይ ሌላ ተኝቶበት አገኘ፣ ወጣ። ወለል ላይ የነበረው ማከፋፈያ ጨዋማውን ውኃ ጠጣ። ፓምፗም አብራ ሄደች።

ክሎሪኑ ያልወጣለት ውኃ ወደ ላይም ተገፍቶ ነበር፤ አንደኛው ዓሣ በጎኑ ተንሳፍፏል። ሌላው ጥግ ላይ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሆሴዕ በሲኒ አወጣው፤ ያሳደረውን ውኃ በባልዲ ቀድቶ ጨው በጠበጠ፣ ለካ፣ ቀስ እያለ አስገባው። አየር የሚሰጠው ሞተር ስለሌለ በጣሳ እየቀዳ ከከፍታ መልሶ ያፈስሰው ጀመር። እጁ ሲዝል እኔ ተቀበልኩት። እኔ ስደክም ትርሲት ተቀበለች፤ እንባዋ ባልዲው ውስጥ እንዳይገባ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ። እንዲህ ስንቀባበል ሊመሽ ሆነ። ዓሣው ግን ጓደኛው ወደነበረበት አቅጣጫ እንደሚያይ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ተገለበጠ።

ትርሲት «ልጄ...» አለችው።

«አይዞዎት፣ እትዬ። ሳያውቁ ነው» አላት። ቁጣ የለበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቢጮህ፣ በሩን ቢያላትም፣ ለምን ልቅሶ ወሰድሽኝ ቢለኝ። የተቆጣ ሰው ገና እቤት ውስጥ ነው።

ቅዳሜ አቶ ፈትሁዲን እንዳሉት መጡ። ወለሉን በንጹሕ ውኃ አጥበን አጥበን ጨዉ አልለቅ ብሎ ነጭ ነጭ ይላል። ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ ገንዳውን አዩ፤ ጫማቸውን እንዳደረጉ ቆሙ። ሆሴዕ ነገራቸው። አላሳጠረም አላስረዘመም።

«ሌላ ፓምፕ ቢመጣ ይሠራል» አልኩ እኔ ጣልቃ ገብቼ። «እርስዎም አይተውታል። ይሠራ ነበር።»

«ይሠራ ነበር፣ እማማ። የልጁን ሥራ አይደለም የምጠራጠረው።» ሻሻቸውን አስተካከሉ። «የእኛን ሰው ነው። ሆቴል ውስጥ ስንት ሠራተኛ አለ? አንዷ አዝና ትሞላዋለች። አንዱ ጽዳት ብሎ ሳሙና ይነካዋል። ክፉ ሰው ቢሆን ጥበቃ አቆምበት ነበር፤ ደግ ሰውን በምን ልጠብቀው?» ከዚያ ወደ ሆሴዕ ዞሩ። «ለጊዜው ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን እሰቅላለሁ። ዓሣ የሚያሳይ አለ አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ የሚውል። ለሌላ ሥራ ግን ብቅ በል፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ሰው እፈልጋለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ሆሴዕ።

እሑድ ገንዳዎቹን አደረቀ። ድንጋዩን በጆንያ አስገባ፣ ቱቦውን ፈታታ። የሰፋሁትን ጨርቅ አጥቦ ገመድ ላይ አሰጣ፤ ያለ ሳሙና። ለምን ያለ ሳሙና እንዳጠበው አልጠየቅሁትም፤ ይልቁንም ያቺን ነገር ይዤ ተስፋ አደረግሁ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ። ግቢ ወጣ። ብዙ አወራ። ሲመለስ ዓይኑን ሰበረብኝ።

«የእንግዳ መቀበያው ሥራ ጥሩ ነው እኮ» አልኩት። «ንጹሕ ሥራ ነው። ሸሚዝ ለብሰህ...»

«ጥሩ ነው፣ እማ።»

«ትርሲት አልተኛችም። ይቅር በለኝ በይልኝ ብላኛለች።»

«ይቅር ብያታለሁ።»

«አትሂድብኝ» ብለው፣ የመሄዱን ቃል ከእሱ ቀድሜ የምሰጠው መሰለኝ።

ሰኞ ውኃ በውኃ ላይ ሲፈስ ሰምቼ ነቃሁ። መጀመሪያ ገንዳው መሰለኝ፤ በእንቅልፌ ደስ አለኝ። ከዚያ ፓምፗ እንደሌለች ትዝ አለኝ። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ።

ቧንቧ መጥታለች። ሆሴዕ ጎማውን ይዞ በረንዳው ላይ ነው። ወለል ስናጥብ የጨረስነውን ሁሉ እየመለሰ ነው። ጀሪካኖቹ ሞልተው ተደርድረዋል፣ ክዳናቸው ጠብቋል። በርሜሉ ሞልቷል። ባልዲው ሞልቷል። የእጅ መታጠቢያውን ጣሳ ሞላ፤ በእጁ ጠርጎ ቦታው ሰቀለው። የታዴዎስን ጠዋት አወቅሁትና ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። አየኝ። ጎማውን ወደ ሳሎን ጎተተው።

የታችኛዋን ገንዳ ከጠረጴዛው ሥር አውጥቶ፣ መከፋፈያዎቿን ነቅሎ፣ አጥቦ አስቀምጧት ነበር። ለእኔ ውኃ ማጠራቀሚያ እንድትሆን። ጎማውን አስገባባት። ውኃው ወደ ቀዩ መስመር ደረሰ። አለፈው። እስከ አፏ ሲሞላ ጎማውን አወጣ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ወለል ላይ አልፈሰሰም። ንጹሕ ጨርቅ ከደነባት፤ የሰፋሁትን አቡጄዲ።

እጁን በሱሪው አደረቀ። ከደቡብ አፍሪካ ሲመጣ ያደረገውን ጫማ አደረገ፣ ጃኬቱን ከወንበሩ አነሳ። ቁርስ አለ ልለው ፈለግሁ። ቅዳሜ ከበላው ዳቦ እንኳ ተርፎ ነበር።

ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። በጎኔ አልፎ ደፉን ተሻገረ፤ ቧንቧውን ዘጋ፣ ጎማውን ጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ሰቀለ፣ የአጥሩን በር ከፈተና ወጣ።